ማራ በሉኝ ያለችውና ዝም ያለው

አቦምሳ ውስጥ ልጃቸው ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለችባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። እናት ስታርፍ መርዶው ይደበቃል፤ "ብቻዋን ናት፣ ማን ያጽናናታል?" እንላለን። ውላ አድራ ስትሰማ ደግሞ ደውለን "አይዞሽ፣ ለበጎ ነው" ብለን ስልኩን እንዘጋለን። እኔም ብያለሁ። የዲናው መንግሥቱን ልብ ወለድ ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ ስልክ ነው። መጽሐፉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 በእንግሊዝኛ የወጣ ነው፤ ርእሱ በእኛ ቋንቋ "ሰማይ የያዛቸው ውብ ነገሮች" እንደ ማለት ነው።

ባለታሪኩ ሴፋ እስጢፋኖስ በቀይ ሽብር ዘመን ከአዲስ አበባ ሸሽቶ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። ወታደሮች ቤታቸውን ሲፈትሹ ያገኙት የትግል ወረቀት የእርሱ ነበር፤ ተደብድቦ የተወሰደው ግን አባቱ ነው። እዚህ ስትደርሱ ስለ ምትክነት ስብከት ለመጀመር አትቸኩሉ። እስጢፋኖስ የአባቱን ሞት እንደ ስጦታ መቀበል አልቻለም፤ 17 ዓመት እንደ ዕዳ ተሸክሞታል። ከኮንጎና ከኬንያ ከመጡ ሁለት ጓደኞቹ ጋር የአፍሪካን አምባገነኖች ስምና የመፈንቅለ መንግሥቱን ዓመት እየጠሩ ይጫወታሉ። ለቅሷቸው ያ ጨዋታ ነው፤ አቤት የሚሉት ግን የላቸውም። አጎቱ እንኳ ደብዳቤ የሚጽፈው ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ነው። (ከመጽሐፉ ሁሉ ጸሎት የመሰሉኝ እነዚያ ደብዳቤዎች ናቸው።) ርእሱ የተወሰደው ከዳንቴ "ሲኦል" መዝጊያ ነው፤ መንገደኛው ወጥቶ ከዋክብትን ከሚያይበት። እስጢፋኖስ ደፉ ላይ ቆሟል።

አሁን መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 1ን ከአጠገቡ አስቀምጡ። ኑኃሚንም ስደተኛ ነበረች፤ በሞዓብ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀበረች። ቤተ ልሔም ስትመለስ ማራ በሉኝ ትላለች፤ ያስመረራትም ሁሉን የሚችለው አምላክ እንደ ሆነ በሴቶቹ ፊት ትናገራለች። ተራኪው አይገሥጻትም። አምላኳ መርሯታል፣ ግን አለ፤ ክሷ የሚደርስበት አለው። እስጢፋኖስ ያጣው ይህን ይመስለኛል፤ ዲናውም ጉድለቱን ሳይሸፋፍን ማሳየቱን እወድለታለሁ።

የእኛ የወጣቶች ድራማዎች ግን ይህን ትዕይንት በሁለት ደቂቃ አልፈው ወደ ቦዔዝ ይሮጣሉ። ለልጅቱም ያደረግነው ይኸው ነው፤ ማራ ነኝ ሳትል ቦዔዝን ላክንላት።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ምዕራፍ 1ን ብቻ አንብባችሁ አቁሙ። የሚያበቃው የገብስ አጨዳ ሲጀመር ነው፤ የቦዔዝ ስም ገና አልተጠራም።