ወራሿን ማን ገደላት?

ስለ አንዲት ሀብታም ወራሽ መገደል የተጻፈ ነገር ስታነቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ማን ገደላት?» ብላችሁ ነው። የወንጀል ታሪክ የሚሸጠውም በዚህ ጥያቄ ነው። ኤልያስ በናቡቴ የወይን ቦታ አክዓብን ያገኘው ጊዜ ግን የጠየቀው እንዲህ አልነበረም (1ኛ ነገሥት 21)። ግድያውንና ውርሱን በአንድ ትንፋሽ አገናኝቶ ነው የጠየቀው። ድንጋዩን የወረወሩት ሌሎች ናቸው፤ ደብዳቤውን የጻፈችው ኤልዛቤል ናት፤ ንጉሡ ፊቱን አዙሮ አልጋው ላይ ተኝቶ እህል አልቀምስም ከማለት በቀር በእጁ የሠራው ነገር የለም። ነቢዩ ግን የተላከው ወደ ወራሹ ነው። እኔም ዛሬ ሁለት ታሪኮችን በዚህ ጥያቄ ላነብላችሁ እፈልጋለሁ። አንዱ በሩቅ አገር በእውነት የሆነ ነው፤ ሁለተኛው በደጃችን የተጻፈ ልብ ወለድ ነው።

ሁዋኒታ ኒልሰን በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ የማርክ ፎይስ የተባለው ስመ ጥር መደብር ቤተሰብ ወራሽ ነበረች። ተቀምጣ መብላት የምትችል ሴት ናት። እሷ ግን «ናው» የምትባል ትንሽ የሰፈር ጋዜጣ ታዘጋጅ ነበር። በምትኖርበት በቪክቶሪያ ጎዳና ላይ ባለሀብቶች የቆዩትን ቤቶች አፍርሰው ፎቅ ሊሠሩ ሲነሡ፣ ተከራዮቹም ከቤታቸው ሲባረሩ፣ ጋዜጣዋን ለእነሱ አዋለችው። የሕንፃ ሠራተኞች ማኅበር በሥራው ላይ ጥሎት የነበረው እገዳ ሲነሣ እሷ ሌላ ማኅበር አግባብታ ሥራውን አስቆመች። በሰኔ 27 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለ ማስታወቂያ ለመነጋገር ተብሎ ወደ አንድ የሌሊት ክበብ ተጠራች፤ ከዚያ በኋላ አልታየችም። 38 ዓመቷ ነበር። አስከሬኗ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እሷን ለመጥለፍ በመዶለት የተፈረደባቸው ሰዎች አሉ፤ በግድያው ግን የተፈረደበት ማንም የለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ጉዳዩን የመረመረው ሸንጎ ሞታለች ብሎ ወሰነ፤ የፖሊሱንም ምርመራ በጊዜው የነበረው የሙስና አየር እንዳሰናከለው ገለጸ።

ከዚህ ታሪክ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1982 ሁለት ፊልሞች ተሠሩ። ሁለቱም ስሟን ለውጠዋል። ሁለተኛው፣ የፊሊፕ ኖይስ «ሂትዌቭ»፣ በሥራው የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን የታሪኩ መሪ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ወንድ ነው። የተሰወረችው ሴት የእሱ ዓይን እንዲገለጥ ምክንያት ሆና ትቀራለች። ይህን ነው የምነቅፈው። ሟቿ ሀብታምና ቆንጆ ስትሆን ተራኪዎች እንደ ጌጥ ያስቀምጧታል። የሥራዋ ነገር፣ ስለማን ኪራይ ትጽፍ እንደነበረ፣ ይቀራል። ናቡቴን እኮ የምናውቀው «የአባቶቼን ርስት አልሰጥም» ባለው ቃሉ ነው፤ ስለ አሟሟቱ የተጻፈው ጥቂት ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ቢቸና እንመለስ። ዲማ ጊዮርጊስ የዚያው አካባቢ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌልን ያስቀመጧት እዚያ ነው። በእኛ ወጣቶች መካከል መጽሐፉ ሲነሣ ወሬው ወዲያው ወደ በዛብህ ስለት ይሄዳል፤ ዮፍታሔ ይጠቀሳል፤ ስለ ስእለትና ስለ ጸጋ እንከራከራለን፤ ሻይ ይቀዘቅዛል። ክርክሩ መጥፎ አይደለም፤ ግን መጽሐፉን በግማሽ ያስቀረዋል። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ አንዲት ልጅ ናት። ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ የሁሉም ነገር ወራሽ እሷ ናት ማለት ነው። በዘር ሐረጉ የሚመጥን ጠፍቶ አማላጅ ሁሉ እየተመለሰ ዕድሜዋ ሲያልፍ፣ እኛ የአባትየውን ትዕቢት አይተን እንስቃለን። እኔ ግን የማየው ሒሳብ ነው። ልጅቷ የተያዘችው እንደ ርስት ደብተር ነው፤ ደብተር ደግሞ ለማንም አይሰጥም።

ሐዲስ ይህን ሳያውቁት የጻፉት አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በዚያው መጽሐፍ ሌላ ሀብታም ሴት አለች። የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ማንኩሳ ላይ ሀብት ያላት፣ በትዳር ግን ዕድል ያልቀናት ሴት ናት፤ በመጨረሻ በኑሮ ከእሷ የሚያንሰውን ቦጋለ መብራቱን አገባች። በላይዋ ፊታውራሪ የለባትም፤ ስለዚህ መረጠች። ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቧቸው። ሀብት ብቻውን ሴትን አያስርም፤ የሚያስራት ሀብቱ ከሹመትና ከዘር ጋር ሲታሰር ነው።

ደግሞም በጎጃም ሴት ልጅ መሬት አትወርስም የሚል ሕግ አልነበረም። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ድርሻዋን ትጠይቃለች። የሞጣ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ የሞጣ ጊዮርጊስን ደብር ያስተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ የራስ ኃይሉ እናት፣ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። መሬት የምትሰጥ ሴት ነበረች ማለት ነው። በዘኍልቍ 27 አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው ርስት ጠየቁ፤ እግዚአብሔርም እውነት ተናገሩ አለ። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው እስከዚህ ነው። ምዕራፍ 36 ላይ የነገድ አለቆች ተመልሰው ይመጣሉ፦ ሌላ ነገድ ቢያገቡ መሬታችን ይሄድብናል ይላሉ። የፊታውራሪ መሸሻ ጭንቀት ይኸው ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ ሴቶቹ ከነገዳቸው ሳይወጡ የወደዱትን እንዲያገቡ ተፈቀደላቸው። ለሰብለ የቀረበላት ግን ፊታውራሪ አሰጌ ነው።

እሷም መልኳን ለውጣ ጠፋች። በዛብህ በመንገድ ላይ ወንበዴዎች አቁስለውት አገኘችው፤ ሞተ፤ እሷም መነኮሰች። እዚህ ላይ ከሐዲስ ጋር አልስማማም። ወንበዴዎቹ ስም የላቸውም፤ ከየት እንደመጡም ምክንያት የላቸውም። እስከዚያ ድረስ ደራሲው ጥፋቱን በትዕግሥት ወደ አንድ ቤት ሲመሩት ቆይተው፣ በመጨረሻው ሰዓት ለአጋጣሚ አሳልፈው ሰጡት። አንባቢው ያለቅሳል፤ ፊታውራሪው ግን ከጥያቄው ያመልጣሉ። ኤልያስ ወደ ወንበዴዎቹ አይሄድም ነበር።

ለዚህ መልሱ ያለው በመጽሐፉ ሌላኛው ክር ላይ ይመስለኛል። አበጀ በለው የሚመራቸው ገበሬዎች ያለ አግባብ የተጠየቁትን ግብር እምቢ ብለው በፊታውራሪው ላይ ይነሣሉ፤ ይማርኳቸዋልም። ብዙ አንባቢ ይህን ክፍል የፍቅሩን ታሪክ ያዘገየበታል ብሎ ይዘለዋል። መጽሐፉ በወጣ በ2 ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የቢቸና፣ የሞጣና የዳሞት ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ርስታችን ሊወሰድ ነው ብለው ተነሡ፤ መንግሥት በአውሮፕላን እስከ መደብደብ ደረሰ። ሐዲስ ነቢይ ናቸው አልልም። ነገር ግን አገሩ በምን እንደሚነድ ያውቁ ነበር። የጎደለው፣ በእኔ ንባብ፣ ሁለቱ ክሮች ሰብለ ልብ ውስጥ አለመገናኘታቸው ነው። ከአባቷ ቤት ስትወጣ የምትተወው ጎተራ በማን ላብ እንደሞላ አንዲት ሌሊት ተቀምጣ ብታስብ ኖሮ፣ ሽሽቷ ከፍቅር ሌላ ስም ይኖረው ነበር። ኒልሰን በዚያው በኩል የሄደች ወራሽ ናት፤ ጋዜጣዋ የተከራዮቹ ነበር።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆኖ ታወጀ፤ ኒልሰን ከመጥፋቷ 4 ወር በፊት ማለት ነው። የዲማው ፊታውራሪ ጉልትም፣ በእውነት ኖሮ ቢሆን፣ ያን ቀን ያበቃ ነበር። መጽሐፉ በቤታችሁ ካለ የአበጀ በለውን ክፍል ሳትዘሉ አንብቡት፤ ከዚያ ሰብለ በምትጠፋበት ሌሊት ላይ ተመለሱና ጎተራው የት እንደቆመ ፈልጉት።