«ሂድ» ያለች እናት
የዋህነት ስለሚጠፋበት ሰዓት በአንድ ፊልም መነሻነት

ሰው የዋህነቱን የሚያጣው መቼ ነው? ክፉ ሲሠራ ነው ወይስ ክፉ ሲሠራበት? ጥያቄው ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ ሲነሣ የኖረ ነው። አዳምና ሔዋን ከተከለከለው ዛፍ ከበሉ በኋላ ቅጠል ሰፍተው አገለደሙ፤ ከዛፎችም መካከል ተሸሸጉ። ለእኔ ከመብላታቸው ይልቅ መሸሸጋቸው የበለጠ ይናገራል። የዋህነት ያከተመው የሚሰወር ነገር በተገኘባት ሰዓት ነውና።

ይህን ሐሳብ ደጋግሞ የሚቀሰቅስብኝ ራዱ ሚሃይሊያኑ የተባለው ትውልደ ሮማንያዊ የፈረንሳይ ፊልም ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ለእይታ ያበቃው ሥራ ነው። የፈረንሳይኛ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1984 ሱዳን ውስጥ ካለ የስደተኞች መጠለያ ይነሣል። አንዲት ክርስቲያን ኢትዮጵያዊት እናት፣ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሊወሰዱ መሆኑን ስትረዳ፣ ትንሽ ልጇን ወደ እነርሱ ትገፋዋለች። ልጇ የሞተባት ሐና የተባለች ቤተ እስራኤላዊት በሟቹ ቦታ ተቀብላው ትሄዳለች። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ስሙ ሽሎሞ ነው፤ የወለደችውን እናት አያነሣም፣ ሃይማኖቱንም አይናገርም።

ዳራው እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን ተወስደዋል። ብዙዎቹ ተጠልለው የነበሩት በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በተዋዋ ነበር፤ በመንገድና በመጠለያ ያለቁትም በሺህ ይቆጠራሉ። በዚያው ዘመን ከድርቅና ከጦርነት የሸሹ ሌሎች ኢትዮጵያውያን በእኛው በፋው መጠለያዎች ሰፍረው ነበር። እንግዲህ እዚህ የሚኖር አንባቢ ፊልሙን እንደ ሩቅ አገር ተረት ሊያየው አይችልም።

የፊልሙ ጭብጥ በሦስቱ የርእሱ ቃላት ውስጥ አለ። የእንግሊዝኛው ርእስ «ሂድ»ን ጥሎ «ኑር፣ ሁን»ን ብቻ ይዟል። ለጆሮ ይለሰልስ ይሆናል፤ ነገር ግን የታሪኩን ቁስል አውጥቶ ጥሎታል። ልጁን የሚለውጠው «ሂድ» የሚለው ቃል ነውና። «ሁን» ደግሞ በአማርኛ ብቻውን አይቆምም፤ «ምን ልሁን?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ሽሎሞ ዕድሜውን ሁሉ የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ሌላም የቃል ጣጣ አለ። ዐረብኛ «በራአ» ሲል የሕፃንን የዋህነትም፣ ፍርድ ቤት ነጻ ያወጣውን ሰው ንጽሕናም በአንድ ቃል ይጠራል። አማርኛ ግን ይለያቸዋል፤ አንዱ የዋህ ነው፣ ሌላው ከደሙ ንጹሕ ነው። ሽሎሞን ለመረዳት የአማርኛው ልዩነት ያስፈልገናል። በማንም ላይ በደል ስላልሠራ ንጹሕ ነው፤ የሚደብቀው ስላለው ግን የዋህ አይደለም። የዳይሬክተሩ አባት ራሳቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለመትረፍ ስማቸውን የቀየሩ አይሁዳዊ ነበሩ። ፊልሙ ሐሰትን ሳያወድስ ሐሰተኛውን የማይኰንነውም ስለዚህ ይመስለኛል።

ከትዕይንቶቹ ሁሉ ሁለቱ አይረሱኝም። ልጁ እስራኤል ደርሶ ገላውን ሲታጠብ፣ ውሃው በፍሳሽ ቀዳዳ ገብቶ ሲጠፋ አይቶ ይደነግጣል፤ ሊያስቀረውም ይታገላል። ረሃብና ጥም አሠቃይተውታል፤ የዋህነቱን ግን አልወሰዱበትም። ውሃን በሚመለከት ገና ሕፃን ነው፤ ስሙን በሚመለከት ግን አርጅቷል። ሁለተኛው፣ ካደገ በኋላ ስለ አዳም መልክ በተደረገው ክርክር አዳም ነጭም ጥቁርም ሳይሆን እንደ ሸክላ አፈር ቀይ ነበር ብሎ የሚሞግትበት ነው። ስለ አዳም እንዲህ በድፍረት የሚናገረው ወጣት ራሱ ገና ከቅጠሉ ጀርባ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ በመጨረሻ ምስጢሩን ለሚስቱ ለሣራ ይነግራታል። እርሷን የሚያስቆጣት የሃይማኖቱ ጉዳይ ሳይሆን ይህን ያህል ዘመን ሳያምናት መኖሩ ነው። በእኔ አስተያየት የፊልሙ ጥልቅ ግንዛቤ ይህ ነው። መደበቅ የለመደ ሰው፣ አደጋው ካለፈ በኋላም ከሚወዱት ይደበቃል።

ይሁን እንጂ ፊልሙ እንከን የለሽ አይደለም። ሽሎሞ ሐኪም ሆኖ ወደ ሱዳን ተመልሶ እናቱን የሚያገኝበት አጋጣሚ ከመጠን በላይ የተመቻቸ ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን መጠለያው የታሪኩ መግቢያና መውጫ በር ብቻ መሆኑ ነው። ልጇን ከገፋች በኋላ እናቲቱ እንዴት ኖረች? ማንስ ጠየቃት? ፊልሙ መዝጊያው ላይ የሚሰጣት አንድ ጩኸት ነው። የሄደው ልጅ ሙሉ ታሪክ አለው፤ የቀረችው እናት ግን የላትም። የቀሩት ሰዎች አገር ለሆነው ለዚህ ድንበር ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም።

ነገሩም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ኡም ራኩባ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ከትግራይ ለሸሹ ሰዎች ዳግመኛ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ጦርነቱ ዋድ መዳኒ ሲደርስ፣ በፋው በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚያልፈው መንገድ በሱዳናውያን ተፈናቃዮች ተሞላ። በአስተርጓሚነት በተቀመጥኩበት ምዝገባ አንድ ሕፃን ስሙን ሲጠየቅ፣ ከመመለሱ በፊት ቀና ብሎ የእናቱን ዓይን ሲያይ ተመልክቻለሁ። መልሱን ተረጐምኩ፤ ያችን አስተያየት ግን በየትኛው ቋንቋ እንደምተረጉማት አላወቅሁም።

ሽሎሞን ያቆየው አንድ ነገር ነው፤ ለእናቱ የሚልከውን ደብዳቤ የሚጽፉለት ቄስ አምሐራ ነበሩ። ለመትረፍ ሲል ስሙን የደበቀ ልጅ የዋህነቱን መልሶ ላያገኝ ይችላል። እውነተኛ ስሙን ያለ ፍርሃት የሚነግረው አንድ ታላቅ ሰው ቢያገኝ ግን፣ ንጽሕናውን እንዳይጠራጠር ያግዘዋል። ይህን ልንነፍገው አይገባም።