የእንስላል ስም ከላቲን ወደ ጣልያንኛ

የቃላትን ዘር ለሚቆጥር ሰው ከመመሳሰል የከፋ አሳሳች የለም። ጣልያኖች እንስላልን «ፊኖክዮ» ይሉታል። በቋንቋቸው «ፊኖ» ቀጭን፣ «ኦክዮ» ዓይን ነውና፣ ጀማሪ ስሙን ከሁለት ከፍሎ «ቀጭን ዓይን» ብሎ ለመፍታት ይቸኩላል። ሙያችን የሚጀምረው ይህን ችኮላ ከመግታት ነው።

የተክሉ የላቲን ስም «ፋይኒኩሉም» ነው፤ «ፋይኑም» ከሚለው፣ ድርቆሽ ማለት ከሆነው ቃል በማሳነሻ ቅጥያ የወጣ። በሕዝብ አፍ «ፌኑኩሉም» የሚል መልክ ያዘ። ቀጥሎ በ«ክ» እና በ«ል» መካከል ያለው አናባቢ ወደቀ፤ የተጋጠሙት «ክል» ጠብቆ ወደሚነበብ «ክዮ» ዞሩ፤ ከእነሱ በፊት ያለው «ኑ» «ኖ»፣ የመጀመሪያው «ፌ» ደግሞ «ፊ» ሆነ።

ለእያንዳንዱ ለውጥ ምስክር እጠራለሁ። በሕዝብ ላቲን ጉልበት «ጌኑኩሉም» ነበር፤ ዛሬ «ጂኖክዮ» ነው። መስተዋት ከ«ስፔኩሉም» «ስፔክዮ»፣ ዓይንም ከ«ኦኩሉስ» «ኦክዮ» ሆኗል። ስለዚህ በእንስላል ስም ውስጥ ዓይን የለም፤ ሁለቱ ቃላት በአንድ ሕግ ስላለፉ መጨረሻቸው ገጠመ። ስፓኒሽም ይመሰክራል፤ እዚያ እንስላል «ኢኖሆ»፣ ዓይን «ኦሆ» ነው።

ከሁሉ የምወደው ምስክር በሰሜን ጣልያን ከሚገኘው የቦቢዮ ገዳም በወጣ የብራና ጽሑፍ ያለው «የፕሮቡስ ተቀጽላ» ነው። ስሙ ያልታወቀ አዘጋጁ 227 እርማቶችን ደርድሮ፣ ከእነዚህም መካከል «ኦኩሉስ» ማለት ሲገባቸው «ኦክሉስ» የሚሉትን ያርማል። ሊያጠፋው የፈለገውን አነጋገር እሱ ራሱ መዝግቦ አቆየልን፤ ጣልያንኛም የተወለደው ከዚያው «ስህተት» ነው። ይህን መምህር ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

የድምፅ ሕግ አልሠራ ሲልም ያስተምራል። በአውሮፓ ደኖች የሚበቅለው «ፋጆ» የተባለ ዛፍ በላቲን «ፋጉስ» ነው። በሕጉ ቢሄድ ኖሮ «ፋጎ» በሆነ ነበር። መልሱ የተገኘው ከዛፉ ስም ሳይሆን «ፋጌኡስ» ከሚለው ቅጽሉ ነው። ሕጉን ለመመሳሰል ሲል የሚያላላ ሰው ይህን ወላጅ ቃል ፈልጎ አያገኘውም።

እንስላል ለምን በድርቆሽ ተሰየመ ሲባል አንዱ መዓዛውን፣ ሌላው ቀጫጭን ቅጠሉን ያነሳል። ሁለቱም ደስ ይላሉ። ተማሪዎቼን ግን የማሳስባቸው ትርጉም ከድምፅ በኋላ እንዲመጣ ነው፤ ያማረ ትርጓሜ ለማንኛውም ቃል ሊፈጠር ይችላል፤ የድምፅ ሕግ ግን ሌሎች ቃላት ካልመሰከሩለት አይቆምም።