ከመርዶው በፊት፦ የወንጀል ልቦለድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል?

አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተመችው፣ መርማሪው ኸርኩል ፗሮ በገና ሰሞን የአንድ ሀብታም ሽማግሌ ግድያ የሚከታተልበት ልቦለድ የሚጀምረው በአጭር የቤተሰብ ደብዳቤ ነው። የተጻፈው ለእህቷ ባል ለጄምስ ነው። ጄምስ ከልባቸው ከሚያነቧት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ ግድያዎችሽ ከመጠን በላይ ጨዋ እየሆኑ፣ ደም ማነስ እየያዛቸው መጡ ብሎ ቅሬታ አሰምቶ ኖሯል። እሷም ቅሬታውን ተቀብላ ደም እንደ ልብ የፈሰሰበት ግድያ ጻፈችለት፤ ይህንንም ገና ታሪኩ ሳይጀመር ለአንባቢው ሁሉ ነገረች።

ገጹ የቤተሰብ ጨዋታ ነው። ሥራው ግን ዛሬ «የይዘት ማስጠንቀቂያ» ከምንለው ነገር ሥራ እምብዛም አይለይም። አንባቢው ምን ዓይነት ግድያ እንደሚጠብቀው አስቀድሞ አወቀ፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ግን ፍንጭ አላገኘም። መጽሐፉም አልተበላሸም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይነበባል።

የወንጀል ልቦለዶች ስለሚረብሽ ጭካኔ ማስጠንቀቂያ ይያዙ ወይስ አይያዙ የሚለው ክርክር ሲነሳ ይህ ገጽ ትዝ ይለኛል። አንዱ ወገን «አንባቢን እንደ ሕፃን አትያዙት» ይላል። ሌላው «ቁስል ያለበትን ሰው ጠብቁት» ይላል። ሁለቱም ለማስጠንቀቂያ የሌለውን ኃይል የሚሰጡት ይመስለኛል፤ አንዱ ልቦለድን ይገድላል ብሎ ይፈራዋል፣ ሌላው ሰውን ያድናል ብሎ ያምነዋል። እኔ ይኑር ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግን ከሁለተኛው ወገን ይለያል። እዚያ ለመድረስ በስዊድን በኩል ዞር ብዬ ልምጣ።

ስዊድናዊው ጋዜጠኛ ስቲግ ላርሰን እ.ኤ.አ. በ2004፣ በ50 ዓመቱ በድንገት በልብ ሕመም ሞተ። የመጀመሪያ ልቦለዱ የወጣው በዓመቱ ነው። የስዊድንኛው ርእስ ቃል በቃል ሲፈታ «ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች» ማለት ነው። የፈረንሳይኛው ትርጉም ብዙም ሳይርቅ «ሴቶችን የማይወዱ ወንዶች» አለው። በ2008 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ግን «ባለ ዘንዶ ንቅሳቷ ልጅ» ሆኖ አረፈው! ዓለም በአብዛኛው የሚያውቀውም በዚህ ስሙ ነው።

ልዩነቱን ቆም ብላችሁ እዩት። የመጀመሪያው ርእስ ወንጀለኛውን ነው የሚጠራው፤ ያውም በብዙ ቁጥር። አንድ ያበደ ሰው ሳይሆን «ወንዶች» ይላል። መጽሐፉን ከመደርደሪያ ያነሳ አንባቢ ወዴት እንደሚገባ ያውቃል። ሁለተኛው ርእስ ዓይናችንን ከወንዶቹ ላይ አንስቶ አንዲት የ24 ዓመት ሴት ገላ ላይ ይጥለዋል። ለገበያ የተሻለ ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን ደራሲው ራሱ በሽፋኑ ላይ የጻፈው ማስጠንቀቂያ ተነሥቶ በቦታው ጌጥ ተቀመጠ። ላርሰን በርእሱ ብቻም አላቆመም። በአራቱም ክፍሎች መግቢያ ላይ በስዊድን ሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት አንድ አንድ ቁጥር አስቀምጧል። የመጀመሪያው 18 በመቶ ነው፤ ዛቻ የደረሰባቸውን ይመለከታል። የመጨረሻው 92 በመቶ ነው፤ ተጠቅተው ለፖሊስ ያላመለከቱትን። እነዚህ ቁጥሮች ታሪኩን አያፈርሱም። ቀጥሎ የሚመጣው ለመዝናኛ ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስለን ያደርጋሉ።

ወደ ውስጥ እንግባ፤ ገዳዩን አልነግራችሁም። ሊዝቤት ሳላንደር በፍርድ ቤት የተሾመባት ሞግዚት አለ። ገንዘቧ በእሱ እጅ ነው፤ የራሷን ብር ለማግኘት እሱ ዘንድ መሄድ አለባት። ሰውየው ይህን ሥልጣን ተጠቅሞ ይደፍራታል። ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ በቦርሳዋ ካሜራ ደብቃ ነው፤ የሚጠብቃት ግን ካሰበችው የከፋ ነው። ላርሰን የጥቃቱን ቅጽበት አያራዝመውም፤ ቆርጦት ወደ ሌላ ይሄዳል። ረዘም አድርጎ የሚጽፈው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፦ አልጋ ላይ የምታሳልፋቸውን ቀናት፣ ዝምታዋን፣ የምታስበውን። በ2009 እና በ2011 የተሠሩት ሁለቱ ፊልሞች ግን ካሜራውን እዚያው ክፍል ውስጥ ያቆዩታል። «አስገድዶ መድፈር አለበት» የሚል ጽሑፍ ለመጽሐፉም ለፊልሞቹም እኩል ይሠራል። ምን እንዳለ ይናገራል፤ እንዴት እንደተያዘ አይናገርም።

ከዚህም የሚበልጥ ችግር አለ። እኔን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ይበልጥ የረበሸኝ በቀሉ ነው። ሳላንደር ተመልሳ ሞግዚቱን ስትቀጣው ላርሰን አይቸኩልም፤ ደግሞም እንድንደሰት ይፈልጋል። ተደስቻለሁም። ከጥቂት ገጾች በፊት ያንገሸገሸኝ ነገር አሁን ተገልብጦ ሲመጣ «ይበለው!» ብዬ አነበብኩት። መጽሐፉ ላይ ማስጠንቀቂያ ቢለጠፍ ስለ ጥቃቱ ይናገር ነበር። ስለዚህኛው ደስታ የሚያስጠነቅቅ አሳታሚ ግን የትም አይገኝም። ይህ የሐያሲ ሥራ ነው።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ይህን ያህል አጭር ከሆነ ምን ይሠራልናል? መጀመሪያ ተቃውሞዎቹን ልያቸው።

የመጀመሪያው «የወንጀል ልቦለድ ገዝተህ ሬሳ ሳትጠብቅ ነው እንዴ?» የሚል ነው። ይህ ዘውግን አለማወቅ ነው። በወንጀል ልቦለድ ስም በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ ሻይ እየጠጡ መርዝ ያለበትን ኩባያ የሚፈልጉ ሰዎች ታሪክና አንዲት ሴት በምድር ቤት ታስራ የምትሰቃይበት ታሪክ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሬሳ ሁላችንም እንጠብቃለን። ሬሳ ከመሆን በፊት ያሉትን ሰዓታት ግን ሁሉም ሰው ሊያነብ አልመጣም።

ሁለተኛው «ታሪኩን ያፈርሰዋል» የሚለው ነው። ለዚህ ክሪስቲ በ1938፣ ላርሰንም በርእሱ መልሰውታል። ምን ዓይነት ጭካኔ እንዳለ ማወቅና ማን እንደፈጸመው ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ዛሬ ምክር ሆኖ ይገባና ነገ መቆለፊያ ይሆናል የሚለው። በአውስትራሊያ የብሬት ኢስተን ኤሊስ «አሜሪካን ሳይኮ» ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም፤ መጽሐፉም በላስቲክ ታሽጎ ነው የሚቀመጠው። በ2015 አዴሌድ ከተማ ውስጥ ፖሊስ አንድ መጻሕፍት መደብር ድረስ የሄደው ላስቲኩ ስለሌለ ነበር። መጽሐፉ ከወጣ 24 ዓመት አልፎት! በእኛም አገር ይህ ፍርሃት የቅንጦት አይደለም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሳንሱርን የሚያውቅ ሕዝብ መጽሐፍ ላይ በሚለጠፍ ምልክት ሁሉ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን የሚጽፈው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከይዘቱ አያንስም። ደራሲውና አሳታሚው ለአንባቢያቸው ሲጽፉት መረጃ ነው። መንግሥት ሲያዝዘው ግን የፈቃድ መስጫ መጀመሪያ ይሆናል። እኔ የምደግፈው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የተጎዱትን እንጠብቅ የሚሉትም የሚሰሙት ነገር አለ። በ2023 «ክሊኒካል ሳይኮሎጂካል ሳይንስ» በተባለው ጆርናል የወጣ፣ ቀደም ሲል የተሠሩ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጥናት፣ ማስጠንቀቂያ ያነበቡ ሰዎች ይዘቱን ሲያዩ የሚሰማቸው ሕመም እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ከይዘቱ በፊት ያለው ጭንቀትም ጨምሯል። ሰዎች በማስጠንቀቂያው ምክንያት ይዘቱን ሲሸሹም አልታየም። እንደ መድኃኒት ብንመዝነው መድኃኒቱ አልሠራም።

ታዲያ ለምን ይኑር እላለሁ? መርዶ እንዴት እንደምንነግር አስቡት። ሰው ሲሞትበት እንደ ዋዛ መንገድ ላይ አንነግረውም። ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ማለዳ ተሰባስቦ፣ ከመካከላቸው ንግግር የሚያውቅ ሰው ተመርጦ ነው የሚረዳው። ይህ ሁሉ ዝግጅት ሐዘኑን በአንድ ጠብታ አይቀንሰውም። ያ የማለዳ ኳኳታ ራሱ ጭንቀት ነው፤ በሩን የከፈተው ሰው ገና ቃል ሳይሰማ ጉልበቱ ይከዳዋል። ጥናቱ ያገኘው ይህንኑ ነው። ሆኖም መርዶ አነጋገር ሕመም አይቀንስምና ይቅር የሚል ሰው አልሰማሁም። የምናደርገው ሰውየው ቢያንስ ቆሞ ወይም ተቀምጦ፣ ብቻውን ሳይሆን እንዲሰማው ነው። ክፉ ነገር ስናወራም መሐል ላይ «አያድርስ ነው» የምንለው ለዚሁ ነው፤ ወሬውን አናስቀረውም፣ ሰሚውን ግን እናስታውሰዋለን።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከእኔ ልቦለድ በተዋሰች ቁጥር «ሴት ላይ የሚደርስ ነገር አለበት?» ትለኛለች። ለምን እንደምትጠይቅ ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። አዎ ስላት አንዳንዴ ትመልሰዋለች፣ አንዳንዴ ደግሞ «እሺ፣ ቅዳሜ ነው የማነበው» ብላ ይዛው ትሄዳለች። ላርሰንን ያነበበችው ቅዳሜ ነው። ያንን መጽሐፍ ከሥራ በኋላ፣ ማታ፣ ታክሲ ውስጥ ልታገኘው አልፈለገችም። የጠየቀችኝ ይህንኑ ሰዓት የመምረጥ ዕድል ነው። ሁሉም አንባቢ ግን መጽሐፉን አስቀድሞ ያነበበ ባልደረባ የለውም። ያለፉት ዓመታት በአገራችን ስንት ሰው ምን እንዳሳዩት ለምናውቅ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላ መንገድ የሞከሩም አሉ። በ2018 የተጀመረው የስታውንች ሽልማት ሴት የማትደበደብበት፣ የማትደፈርበት፣ የማትገደልበትን ትሪለር ለመሸለም የቆመ ነበር። እንደ ቫል ማክደርሚድ ያሉ የዘውጉ ደራሲዎች ተቃወሙት። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ በእውኑ ዓለም የሚሆነውን ልቦለዱ ካልጻፈው ዝም ያሉት 92 በመቶዎች በመጽሐፍም ዝም ይላሉ። ጭካኔውን አውጥቶ ከመጣል ጭካኔ አለ ብሎ ተናግሮ መጻፍ ይሻላል።

እንዴት ይጻፍ ለሚለው ከሙያዬ የማውቀው አለ። እንጀራዬ ሶፍትዌር ነው። በእኛ ሥራ ማስጠንቀቂያ በሁለት መንገድ ይሞታል። አንዱ ሲበዛ ነው፤ በየደቂቃው መስኮት ብቅ ካለ ተጠቃሚው ሳያነብ «እሺ» የሚለውን ይጫናል። ሌላው ሲደበዝዝ ነው፤ «ስሕተት ተፈጥሯል» ብሎ ምን ስሕተት እንደሆነ የማይናገር መልእክት ለማንም አይጠቅምም። «ይህ መጽሐፍ የሚረብሽ ይዘት አለው» የሚለው ዐረፍተ ነገር የዚህ ወንድም ነው። የማይረብሽ የወንጀል ልቦለድ የት አለ?

ስለዚህ ሽፋኑ ላይ አይለጠፍ። የኅትመት ዓመቱና የመብት ማስታወቂያው ባለበት ገጽ፣ ፈልጎ የሚያነበው እንዲያገኘው፣ ያልፈለገ እንዲያልፈው ይቀመጥ። ነገሩንም በስሙ ይጥራው። ለላርሰን መጽሐፍ «አስገድዶ መድፈርና በሴቶች ላይ የሚፈጸም ማሰቃየት ተተርኳል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ጄምስ ደም ፈልጎ ነበር፤ ደም እንዳለ ተነገረው። ባልደረባዬም የምትፈልገው ያንኑ ያህል ነው፤ አንድ መስመር፣ ከዚያ ቅዳሜን ራሷ ትመርጣለች።