የቤዙ ሙቀት ከወዴት ነው?

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የድሮ ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር የባለ ቫልቭ አምፕሊፋየሮችን «ሞቃት» ቤዝ የሚያወድስ አይጠፋም። ውዳሴው መሠረት አለው፤ ሆኖም መመርመር ይገባዋል። ባለ ቫልቩ አምፕሊፋየር በአብዛኛው ስፒከሩን እንደ ትራንዚስተሩ አጥብቆ አይገታም፤ የጊታሩ ክር ዝም ካለ በኋላም የስፒከሩ ወረቀት ጥቂት ይርገበገባል። ሙቀት የተባለው በከፊል ይኸው ልቅነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከጅቡቲ ራዲዮና ቴሌቪዥን የቴፕ ክምችት ተመርጦ የወጣው የ«ካትር ማርስ» ቡድን አልበም ጉዳዩን ያጠራዋል። በዘመናዊ መሣሪያ ሲደመጥም ቤዙ ጭፈራውን ተሸክሞ ይራመዳል። ኃይሉ የመነጨው ከተጫዋቹ ጣት ነው፤ ጠብቆ ያቆየውም ቴፑ ነው። አምፕሊፋየር ቢበላሽ ይጠገናል፤ የተበላሸ ቴፕ ግን የያዘውን ድምፅ ይዞ ይጠፋል። የድሮውን ቤዝ የሚናፍቅ ሁሉ አስቀድሞ ሊቆረቆር የሚገባው ለቴፑ ነው።