ሸክላና ሲዲ በእማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖ ሲመዘኑ

ዛሬ ዜማ በስልክ እየተላከ በየመንገዱ የሚሰማ ቢሆንም፥ ዜማን እንደ መጽሐፍ በመደርደሪያው አኑሮ በቤቱ ተቀምጦ መስማት የሚወድ ሰው አልጠፋም። በእንደነዚህ ያሉት ሰዎች መካከል የማያልቅ ክርክር አለ፤ ይኸውም ሸክላ ይበልጣልን ወይስ ሲዲ የሚል ነው። ሸክላን የሚያመሰግኑት ድምፁ ሙቀትና ሕይወት አለው ይላሉ፤ ሲዲን የሚያመሰግኑት ደግሞ ድምፁ ንጹሕ ነው፥ ኮሽታ የለበትም ይላሉ። ዳሩ ግን ይህ ክርክር ብዙ ጊዜ በፍቅር እንጂ በሚዛን የሚደረግ ስላልሆነ፥ አንድ የታወቀ ሥራ ይዞ ሁለቱን መመዘን ይሻላል።

ለዚህም ሚዛን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ የተመቸ ነው። እማሆይ በ1923 ዓመት (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በስዊስ አገር፥ ኋላም በካይሮ ሙዚቃ ተማሩ፤ በግሸን ማርያም መነኰሱ፤ የኋላውን ዕድሜያቸውን በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም አሳልፈው በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ፒያኖአቸው በ1960ዎቹ ዓመታት በጀርመን አገር በሸክላ ታተመ፤ በ2006 ኤቲዮፒክስ በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ እትም 21ኛ ቁጥር ሆኖ በሲዲ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ሥራቸው እንደ ገና በሸክላ ታትሟል። እንግዲህ የአንዲት መነኵሲት ጣት በሁለቱም ዕቃ ተመላልሷልና፥ ለፈራጅ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ፒያኖ ለድምፅ ዕቃ ሁሉ ከባድ ፈተና ነው። ክሩ አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላ ድምፁ ሳይወዛወዝ ቀስ በቀስ እየደከመ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥቂት መንቀጥቀጥ ቢገባበት ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። የእማሆይ አጨዋወት ይህን ፈተና የባሰ ያከብደዋል። ግራ እጃቸው በዝግታ ሲራመድ ቀኝ እጃቸው በአገራችን ቅኝት መንገድ ዜማውን እያቀጠነ ያስጌጣል፤ በመካከሉም ዝምታ ይገባል። ያም ዝምታ ባዶ ስፍራ አይደለም፤ የዜማው አንድ ክፍል ነው። ዝምታውን የሚያበላሽ ዕቃ ዜማውንም ያበላሻል።

እንግዲህ ሸክላው እንዴት ይሠራል? ስሙ ከቀድሞው ተሰባሪ ሸክላ የተወረሰ ነው እንጂ፥ ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ በ1948 ያወጣው ረጅሙ ሸክላ የተሠራው ከፕላስቲክ ነው። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሢሶ ይዞራል፤ በአንዱ ፊቱም 20 ደቂቃ ያህል ወይም ጥቂት የሚበልጥ ዜማ ይይዛል። ድምፁ እንደ እርሻ ፈር ሆኖ ተቀርጿል፤ መርፌውም በዚያ ፈር ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። ሸክላው አንድ ዙር የሚጨርሰው በ1.8 ሰከንድ ነውና፥ አንድ ጭረት ፈሮቹን አቋርጦ ያለፈ እንደ ሆነ በየ1.8 ሰከንዱ እየተንኳኳ በእማሆይ ዝምታ ውስጥ ይገባል። የመካከሉ ቀዳዳ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ተበስቶ እንደ ሆነም፥ የሚዘገየው የፒያኖ ድምፅ ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል። ደግሞም ፈሩ ወደ መካከል ሲጠጋ ዙሩ ስለሚያጥር፥ በሸክላው ፊት መጨረሻ ያለው ዜማ በመጀመሪያው ካለው ይልቅ ጥራቱ ይቀንሳል።

ሲዲን ሶኒና ፊሊፕስ የተባሉት ኩባንያዎች አብረው ሠርተውት በ1982 በጃፓን ለገበያ ወጣ። ወርዱ 12 ሳንቲሜትር ብቻ ሲሆን ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ዜማ ይይዛል። በእርሱ ላይ ያለው ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ በቁጥር የተጻፈ ነው፤ የሚያነበውም ብርሃን እንጂ መርፌ አይደለም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ በመሰማቱ አያልቅም። የሸክላ ወዳጆች ግን ድምፅ በቁጥር ሲቈራረጥ በመካከሉ ያለው ይጠፋል ብለው ይነቅፋሉ። ይህ ነቀፋ ለሚሰማው እውነት ቢመስልም እውነት አይደለም። ድምፅን ሳያጐድሉ ለመመለስ ከከፍተኛው ርግብግቢት እጥፍ በሚበልጥ ቁጥር መለካት ይበቃል፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ርግብግቢት ያህል ስለ ሆነ፥ 44,100 ከእጥፉ ያልፋል። እንግዲህ የተቀዳውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ በመመለስ ረገድ ፍርዱ ለሲዲ ነው፤ የእማሆይንም ዝምታ እንደ ነበረ የሚያኖረው እርሱ ነው።

ፍርዱ እንዲህ ከሆነ ሰው ስለ ምን ወደ ሸክላ ይመለሳል? በአሜሪካ በ2022 ዓመት 41 ሚሊዮን ሸክላና 33 ሚሊዮን ሲዲ ተሸጧል፤ ይህን ያህል ገዢ ሁሉ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ምክንያቱ ሁለት ይመስላል። አንደኛው የአሳታሚዎች ጥፋት ነው፤ በተለይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙዎቹ ሲዲው ጮኾ እንዲሰማ ብለው ዝቅተኛውን ድምፅ ከከፍተኛው ጋር እያስተካከሉ ዜማውን ደፈጠጡት። ይህ የሠሪው በደል ነው እንጂ የዕቃው አይደለም። ሁለተኛው የሰሚው ጠባይ ነው። ሸክላ ሰሚውን ያሠራዋል፤ አቧራውን ጠርጎ፥ መርፌውን በጥንቃቄ አኑሮ፥ ከ20 ደቂቃ በኋላ ተነሥቶ የሚገለብጥ ሰው ልቡ ከዜማው አይርቅም። ሲዲውን ግን ከፍቶ ወደ ጓዳ ይሄዳል። ስለዚህ የሸክላ ሙቀት የሚባለው ነገር፥ በከፊል ከፈሩ ቢሆንም፥ በከፊል ደግሞ ከሰሚው ትጋት የሚመጣ ነው። ትጋት ያለው ሰው በሲዲም ያንኑ ሙቀት ያገኛል።

ነገር ግን ፍርዱ በዚህ ቢያልቅ ትልቅ ጥፋት ያመጣል። ሲዲ ይበልጣል የተባለ ሰው የአባቱን ሸክላ አውጥቶ ይጥላልና። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፅ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በጀርመን አገር ተቀዳ፤ ከመቶ ዓመት በኋላም በዚያው በኤቲዮፒክስ 27ኛ ቁጥር በሲዲ ወጣ። በዚያ ዘመን የድምፅ ቴፕ አልነበረም፤ ድምፁ በሸክላ ባይጠበቅ ኖሮ ለሲዲ የሚቀዳ ነገር ባልተገኘ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጣውም ዘመን ቢሆን ዋናው ቴፕ የጠፋ እንደ ሆነ የሚቀረው ምስክር ሸክላው ብቻ ነው። ቀጂው ከተጐዳ ሸክላ ቢቀዳ ሲዲው ጭረቱን ጭምር ይወርሳል፤ ጭረቱን እጠርጋለሁ ብሎ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነም፥ እየደከመ የሚጠፋውን የፒያኖ ድምፅ ከአቧራው ጋር አብሮ ይጠርገዋል።

ይህን ነገር ብራናና የታተመ መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ያስተውለዋል። የታተመው መጽሐፍ ለንባብ ይመቻል፥ ለብዙ ሰውም ይዳረሳል፤ ቃሉ ባጠራጠረ ጊዜ ግን ወደ ብራናው ይመለሱበታል እንጂ መጽሐፉ ታትሟል ተብሎ ብራናው አይጣልም። እንደዚሁም ሲዲው ለመስማት፥ ሸክላው ለምስክርነት ይሁን። በቤቱ አሮጌ ሸክላ ያለው ሰው ማጫወቻ እንኳ ባይኖረው፥ ከፀሐይና ከሙቀት ጠብቆ፥ እንዳይጐብጥ አቁሞ ያኑረው፤ በደከመ መርፌም አይረሰው። እማሆይ በዜማቸው መካከል ያኖሩትን ዝምታ የሚመጣው ትውልድ እንደ ነበረ ሊሰማው የሚችለው፥ የዛሬው ባለቤት ከሁለቱ አንዱን ለመውደድ ሲል ሁለተኛውን ያልጣለ እንደ ሆነ ነው።