ስለ ድርሰት አከፋፈል

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት የጎንደር ተማሪ የጻፈውን ልብ ወለድ ታሪክ ይዞልኝ መጣ። ድርሰቱ በ12 ምዕራፍ የተከፈለ ነበር። ከማንበቤ በፊት፣ «ለምን 12 አደረግኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና፣ «መጽሐፍ ምዕራፍ ይኖረው የለም እንዴ?» ሲል መለሰልኝ። መልሱ ሳቅ የሚያስነሣ ቢሆንም አልሳቅሁም፤ በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ከዚያ የባሰ ጥፋት ሠርቻለሁና። እርሱ ያለ ምክንያት ከፈለ፤ እኔ ግን ጨርሶ ሳልከፍል ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያሳደገኝ አጎቴ በዳባት አጠገብ በደጋው የሚኖር ገበሬ ነበር። እኔ ጎንደር ከተማ ስማር በሶና የገብስ ቆሎ በአህያ እየጫነ፣ በብርድ እየተጓዘ፣ ለትምህርት ያበቃኝ እርሱ ነው። መርዶው የደረሰኝ ማታ ስለ ነበረ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ 64 ስንኝ ያለው ግጥም ጻፍሁ። ደግነቱን፣ ጀግንነቱን፣ እንግዳ ተቀባይነቱን አንዱንም አላስቀረሁም። ቤቱ ሁሉ ይመታል፤ ቃሉም የተመረጠ ነው። ከለቅሶው እንደ ደረስሁ ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ አነበብሁት። ሰዉ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። እኔም ጸጥታውን እንደ አድናቆት ቈጠርሁት።

ማታ ሙሾ አውራጇ ባልቴት አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ «ልጄ፣ ቃልህ መልካም ነው፤ ማልቀሻ ግን አልሰጠኸንም» አሉኝ።

«እንዴት ነው እሜቴ? አንቱ ሲሉ ሰዉ ያለቅሳል። የእኔ ግጥም ከአንቱ ያነሰው በምንድን ነው?» አልኋቸው።

«አላነሰም፤ በዛ እንጂ። እኔ ሁለት ቤት እልና ዝም እላለሁ። ዝም የምለው ቃል አልቆብኝ መሰለህ? ሰዉ እንዲገባበት ብዬ ነው።»

ይህን ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጌታዋን አጥታ በደጅ ስለ ቆመችው አህያ ሁለት ቤት ገጠሙና ዝም አሉ። ከእኔ 64 ስንኝ ውስጥ አህያይቱ አልነበረችም። በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው፣ ከመርዶው ጀምሮ እንባ ያልወጣኝ ሰውዬ፣ ለአጎቴ ያለቀስሁት።

ከዚያ ወዲህ ሙሾ በሰማሁ ቍጥር ጆሮዬ የሚጠብቀው ዝምታውን ነው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም ልብ አድርገህ ስማ። ወል ቤት የሚባለው የአማርኛ ግጥም አንዱ ስንኝ 12 ቀለም አለው፤ ስድስቱ ካለፈ በኋላ ትንፋሽ ይወሰዳል፣ ቀጥሎም ስድስቱ ይመጣል። ሰንጎ መገን ደግሞ አምስትና አምስት ነው። ሁለቱ ስንኝ ቤት ሲመታ አንድ ነገር ተፈጸመ ማለት ነው፤ ለቀስተኛው ደረቱን እየመታ የሚቀበለው በዚህ ላይ ነው። አዝማሪም እንዲሁ ነው። ማሲንቆው ብቻ ሲናገር ከአድማጮቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። ክፍተት ባይኖር ይህ ሰው በየት በኩል ይገባ ነበር? በልጅነታችን ማታ ማታ ተረት የነገሩን አያቶቻችንም ምዕራፍ አያውቁም ነበር፤ ግን ከምድጃው አጠገብ ያለው ልጅ «ከዚያስ?» ባለ ቍጥር ተረቱ በራሱ ይከፈል ነበር። ልጁ «ከዚያስ?» ማለቱን ከተወ ወይ ተኝቷል፣ ወይ ተረቱ ተበላሽቷል።

አንድ የቅኔ ተማሪ ይህን ቢሰማ፣ «በቅኔ ቤትማ ክፍሉ አስቀድሞ የተቈረጠ ነው» ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል። እውነት ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ተማሪው ሐሳቡ ቢረዝምም ቢያጥርም በዚያው ልክ ማሰር አለበት። ነገር ግን ስማቸውን ተመልከት። «ሚ በዝኁ» የተባለው ቅኔ ይህን ስም ያገኘው ከመዝሙረ ዳዊት መነሻ ቃል ነው፤ በዚያ መዝሙር አጠገብ ስለሚባል። እንግዲህ ቅኔው ራሱ ዳዊት በሚደገምበት መካከል በተተወለት ቦታ የሚገባ እንግዳ ነው። የቤቱ ቍጥር የእንግዳው መቀመጫ ልክ ነው። እንግዳ ደግሞ ከመቀመጫው አልፎ አይንሰራፋም።

በአከፋፈል ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን በጎንደር በባእታ የሚሰጠው የአቋቋም ትምህርት ነው። ሊቃውንቱ አንዱን ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ በድምፅ ብቻ ይሉታል። ቀጥለው ያንኑ ቃል በመቋሚያ እየዘመሙ ይሉታል። ከዚያ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገቡና መረግድ ይሆናል፤ በኋላም ጽፋቱ ይፈጥናል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰውነት አቋም ነው። ልጅ ሳለሁ ይህ መደጋገም ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም ነበር፤ ነገሩን ቶሎ ሰምቼ ወደ ቤቴ መሄድ እወድ ነበርና። ዛሬ ግን ሳስበው የመጀመሪያው ክፍል ለጆሮ፣ የመጨረሻው ለእግር የተሰጠ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ተቈርጦ ቢቀር የመጨረሻው ጩኸት ብቻ በሆነ ነበር። ምዕራፎቹን ሁሉ በጽፋት የሚጀምር ደራሲ ብዙ አለ።

ሌሎችም አከፋፈሎች አሉን። ውዳሴ ማርያም በሳምንቱ በሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነው። መልክዕ ደግሞ የቅዱሱን አካል ከራስ ጠጕር ጀምሮ ወደ ታች እየተከተለ፣ ለእያንዳንዱ አካል አምስት አምስት ስንኝ እየሰጠ ይወርዳል። አባቶች አንዱን ድርሰት በቀን፣ ሌላውን በአካል ሲከፍሉ ምክንያታቸው ግልጽ ነበረ።

ቴአትርን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። የሮማው ባለቅኔ ሆራስ ቴአትር ከአምስት ገቢር ማነስም መብለጥም የለበትም ብሎ ጽፎ ነበር፤ በኋላ የመጡትም እንደ ሕግ ያዙት። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱት የሼክስፒር ሮሜዎና ዡልዬት ግን ደራሲው በሕይወት ሳለ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1597 እና በ1599 ሲታተም በገቢር የተከፈለ አልነበረም፤ ዛሬ የምናየውን አከፋፈል በ1709 አሟልቶ ያስገባው ኒኮላስ ሮው የተባለ አሳታሚ ነው። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው፣ በለንደን ጣራ ያላቸው ቴአትር ቤቶች በየገቢሩ መካከል ያርፉ ከነበሩበት ምክንያት አንዱ የሻማዎቹን ክር ለመቍረጥ መሆኑ ነው። ሻማው በመብራት ተተካ፤ ዕረፍቱ ግን ቀረ። እኛም ተዋናዩ ካባ እስኪለውጥ መጋረጃ እንዘጋና «ሁለተኛ ገቢር» እንላለን።

ወደ ልብ ወለድ ልመለስ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከታተመ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሳይቀር ሰማው። በዚህ ጊዜ መጽሐፉ ሁለት አከፋፈል ኖረው፤ አንዱ ደራሲው የሠሩት ምዕራፍ፣ ሁለተኛው የሬዲዮው ሰዓት የሚቈርጠው። ደራሲው አንዱን ሰው ከመነሻው አንሥተው እስክናውቀው ድረስ ያቈዩናል፤ ሰዓት ግን ይህን አይጠብቅም። አድማጩ ነገሩ በተንጠለጠለበት ቀርቶ ሳምንት ይናፍቃል። ናፍቆቱ ጣፋጭ እንደ ነበረ አልክድም፤ እኔም ናፍቄአለሁ።

ነገር ግን ብዙ ወጣት ጸሓፊዎች ከደራሲው ትተው ከሰዓቱ ተማሩ። የምዕራፉ መጨረሻ ላይ በር ይንኳኳል። አንባቢ ልቡ ተሰቅሎ ገጹን ይገልጣል፤ ያንኳኳችው ለካ ጨው ልትበደር የመጣች ጎረቤት ናት! ይህ የአጻጻፍ ስሕተት ብቻ አይመስለኝም፤ ማታለልም አለበት። ሙሾ አውራጇ ዝም ያሉት ለእኛ ቦታ ሊሰጡን ነው፤ ይህኛው ዝም የሚለው እንዳንወጣ በር ሊቈልፍብን ነው። አንድ ጊዜ በሐሰት ያንኳኳ ደራሲ፣ በአሥረኛው ምዕራፍ በእውነት ሞት ሲመጣ ማን ይደነግጥለታል?

ወጣቱን ምን እንዳደረግሁት ልንገራችሁ። ቍጥሮቹን ሁሉ አስፍቄ፣ «አሁን ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አልሁት። እኔ እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። ድምፁ በራሱ ባረፈበት ቦታ ምልክት አደረግሁ፤ እኔም «ከዚያስ?» ለማለት በፈለግሁበት ሌላ ምልክት አደረግሁ። ሁለት ከሰዓት በኋላ ወሰደብን። ሁለቱ ምልክቶች የተገናኙት በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 12 የነበረው አምስት ክፍል ሆነ። አራተኛው ክፍል ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ እናትዮዋ ልጇን ወደ ከተማ የሚወስደው አውቶቡስ ከዓይኗ እስኪጠፋ የምታይበት ነው። እርሱ «አጠረ» ብሎ ከሦስተኛው ጋር ሊያጣብቀው ፈለገ፤ ተከራክረን ለብቻው ተወው።

ከአምስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ልጁ እናቱን ለምን እንደ ረሳት የሚያስረዳ ሁለት ገጽ አለ። ይህ ይውጣ አልሁት። «ይህንን ካወጣሁት አንባቢ ይፈርድበታል» አለኝ። እስከ ዛሬ በዚህ ነገር አልተስማማንም።